መጀመሪያ ውሃው ይጥራ፦ ስለ ፊኛ ካንሰርና ስለ ሰማያዊው ብርሃን ለተጻፈው ምላሽ

ባለፈው ወር አንድ የዘጌ አባት ለፊኛ ቀዶ ጥገና በዋዜማው ገብተው ማደር ሲገባቸው አልጋቸው ባዶ አደረ። ጀልባው አምልጧቸው ይሆናል፣ በማለዳው ይደርሳሉ ብለን ተራቸውን ለማንም ሳንሰጥ ቆየን። መሣሪያው ተዘርግቷል፤ የማጠቢያው ውሃ ከመስቀያው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሰመመን ሰጪው በሩን በሩን ያያል። ረፋዱ ላይ ስልክ ስደውል ልጃቸው አነሣች። «አባቴ ሰማያዊው መብራት ባሕር ዳር እስኪገባ ልቆይ ብለዋል» አለችኝ። የምን መብራት ብላት፣ በስልኳ አንብባ ያሰማቻቸውን ጽሑፍ ላከችልኝ።

ይህ ምላሽ ለዚያ ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው ውጭ አገር የሠለጠኑ ሐኪም ናቸው፤ አማርኛቸውም ያማረ ነው። ስማቸውን የማልጠቅሰው ሙግቴ ከጽሑፋቸው ጋር እንጂ ከእርሳቸው ጋር ስላልሆነ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ባሕር ዳር ውስጥ በቀዶ ጥገና ክፍል ከ15 ዓመት በላይ የሠራሁ ነርስ ነኝ። ሐኪሙ በሽንት ቧንቧ ገብቶ ፊኛ ውስጥ ሲሠራ ሌንሱን የማቀብለው፣ ውሃውን የምሰቅለውና የማወርደው፣ የተቆረጠውን ሥጋ ለቅሜ ፎርማሊን ውስጥ የምከተው እኔ ነኝ። ሐኪሙ የሚያየውን ሁሉ ከጎኑ ቆሜ በዚያው ስክሪን ላይ አያለሁ፤ ማየት ሲያቅተውም አብሬው ያቅተኛል።

ጽሑፋቸው በአጭሩ የሚለው ይህን ነው። በነጭ ብርሃን የሚሠራ የፊኛ ካንሰር ቀዶ ጥገና ዓይንን አስሮ እንደ መቁረጥ ነው። ካንሰሩ ደጋግሞ የሚመለሰው ሐኪሙ ሳያየው ትቶት ስለሚወጣ ነው፤ በሰማያዊ ብርሃን ቢሠራ መመለሱ በግማሽ ይቀንሳል። ነገሩ አምፖል ከመቀየር የማያልፍ ስለሆነ ባሕር ዳር ላይ በአንድ ወር ሊጀመር ይችላል። ያለ መድኃኒት የሚሠራው ሌላው የብርሃን ዘዴ (ጠባብ የብርሃን ሞገድ የሚባለው) ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። የጣና ዳር ሰው ደግሞ ከቢልሃርዚያ የተነሣ ለፊኛ ካንሰር ከሌላው የባሰ የተጋለጠ ነው። ስለዚህ አቅም ያለው ወደ ውጭ ይሂድ፣ አቅም የሌለው መሣሪያው እስኪመጣ ይታገሥ።

የዘጌውን አባት ከቤት ያስቀረቻቸው ያቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት። እርሷን በመጨረሻ አነሣታለሁ።

«ዓይንን አስሮ መቁረጥ» ከሚለው ልጀምር። ብርሃኑን ራሱን ፊኛ ውስጥ አስገብቶ የማየት ጥበብ የተጀመረው በ1877 ነው (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ማክሲሚሊያን ኒትሴ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም የጋለ የፕላቲነም ሽቦ ከመሣሪያው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ ሽቦው ሥጋ እንዳያቃጥል ቀዝቃዛ ውሃ እያዘዋወረበት ነበር የሚያየው። ከዚያ ትንሹ አምፖል መጣ፤ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሃሮልድ ሆፕኪንስ የነደፈው የመስተዋት ዘንግ ሌንስ መጣ፤ ካሜራው ተከተለ። ዛሬ በነጭ ብርሃን ስክሪን ላይ የምናየው የታሰረ ዓይን የሚያየው አይደለም። አብዛኛው የፊኛ ዕጢ ከግድግዳው ላይ ቀጭን ግንድ አውጥቶ፣ አናቱን በትኖ፣ በውሃው ውስጥ የሚወዛወዝ ነው። ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል ጣና ዳር ቆሞ ያየ ሰው መልኩን ያውቀዋል፤ እኔም ለአዳዲስ ነርሶች የማስረዳው በደንገል ነው። ደንገልን ለማየት ነጭ ብርሃን ይበቃል።

ነጩ ብርሃን የሚደክመው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ካርሲኖማ ኢን ሲቱ የሚባል ጠፍጣፋ ካንሰር አለ። ግንድም አናትም የለውም። ሲታይ ቀይ ከፋይ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጨርሶ አይታይም። ክፉ ዘር ነው፤ ካልታከመ ወደ ጡንቻው የመውረድ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ለዚህ ሰማያዊው ብርሃን በእርግጥ ይረዳል፤ እዚህ ላይ ከዶክተሩ ጋር ክርክር የለኝም። አሠራሩም ያስደንቃል። ሄክሳሚኖሌቩሊኔት የሚባል መድኃኒት 100 ሚሊ ግራሙ በ50 ሚሊ ሊትር ተበጥብጦ በካቴተር (በሽንት ቧንቧ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ፊኛ ውስጥ ይጨመርና ለ1 ሰዓት ያህል ይቆያል። የካንሰር ሕዋሳት ከጤነኞቹ ይልቅ ይህን መድኃኒት ወደ ፕሮቶፖርፊሪን እየለወጡ ያከማቻሉ፤ ፕሮቶፖርፊሪን ደግሞ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት እንደ ፍም ይቀላል። አሜሪካ መድኃኒቱን የፈቀደችው በ2010 ነው። በዚያው ዓመት በወጣ ትልቅ ጥናት ጠፍጣፋው ካንሰር ከተገኘባቸው ሕሙማን ከ3ቱ በአንዱ ያህል ላይ ካንሰሩ የታየው በሰማያዊው ብቻ ነበር። በሽንታቸው ውስጥ የካንሰር ሕዋስ እየተገኘ በነጭ ብርሃን ሲታዩ ምንም የማይገኝባቸው ሕሙማን አሉ፤ ለእነዚህ ሰማያዊው ብርሃን ቢኖረን ከሁሉ በፊት የምደሰተው እኔ ነኝ።

ዶክተሩ ያልጻፉት ግን አለ። ሰማያዊ ብርሃን ደም አይወድም። የደም ቀይ ቀለም አጥብቆ የሚውጠው ያንኑ ሰማያዊ ብርሃን ስለሆነ፣ በነጩ ሲያዩት ሮዝ የሆነ ውሃ በሰማያዊው ሲያዩት ይጨልማል። አሜሪካ ውስጥ ከመድኃኒቱ ጋር የሚወጣው መመሪያ መድኃኒቱ ሊሰጣቸው አይገባም ብሎ ከሚዘረዝራቸው ሰዎች መካከል በዓይን የሚታይ ደም የሚሸኑ ሕሙማን አሉበት። እኛ ዘንድ የሚመጣው ሕመምተኛ ደግሞ በአብዛኛው ምን ሆኖ ነው የሚመጣው? ደም ሲሸና ከርሞ ነው። መጀመሪያ ብርድ ነው ይባላል፤ ቀጥሎ ኩላሊት ነው ይባላል፤ ከአንድ መድኃኒት ቤት ወደ ሌላው ሲዞር ይቆይና በመጨረሻ የረጋ ደም ፊኛውን ሞልቶት እኛ ጋ ይደርሳል።

የጣናን ውሃ በነሐሴ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልገውም። ጉማራና ርብ አፈሩን ተሸክመው ሲገቡ ሐይቁ ማኪያቶ ይመስላል። ያን ጊዜ ዓሣ አስጋሪው የእጅ ባትሪውን በነጭ ቢያበራው በሰማያዊ ቢያበራው ቀረሶውን አያየውም።

ውሃ ማጥራት የእኔ ሥራ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሐኪሙ በኤሌክትሪክ በጋለው ሽቦ ዕጢውን እየላጠ ሲያነሣ ትንንሽ የደም ሥሮች ይከፈታሉ። በመሣሪያው በአንድ በኩል ውሃ ይገባል፣ በሌላው በኩል ይወጣል፤ ገቢው ካነሰ ስክሪኑ ይቀላል። ከረጢቱ ዝቅ ብሎ ከተሰቀለ ግፊቱ ይደክማል። ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ፊኛው ይወጠራል፣ ግድግዳው ይሳሳል፣ የመበሳት አደጋ ይመጣል። ፊኛው በደንብ ካልሞላ ደግሞ ግድግዳው እንደ ተጨማደደ ነጠላ ይታጠፍና በእጥፋቱ ውስጥ ያለው ዕጢ ይደበቃል። ልኩን ጠብቆ ማቆየት የነርሱ እጅ ነው። አንድ ቀን ከረጢቱ አለቀና ሌላ ሊያመጣ የሄደው ልጅ ዘገየ፤ ማከማቻው ሩቅ ነበር። ስክሪኑ እንደ ቀይ ወጥ ሆኖ አራት ሰዎች ቃል ሳንናገር የቆምንበትን ያን ጊዜ አልረሳውም። ሐኪሙ እጁን አላንቀሳቀሰም፤ የማያየውን እንዴት ይቆርጣል? ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከረጢቶቹን ቆጥሬ አጠገቤ እደረድራለሁ። በሥራ መካከል መብራት ሲሄድና ጀነሬተሩ እስኪነሣ ስንጠብቅ ደግሞ፣ ጢስ ዓባይ ጎረቤታችን መሆኑ ትዝ ይለኛል።

ሌንሱም አለ። ዕጢው የሚላጥበት ሌንስ ብዙውን ጊዜ የ30 ዲግሪው ነው፤ ከፊቱ ያለውን አጥርቶ ያሳያል። የፊኛውን አንገት ዙሪያና የፊተኛውን ግድግዳ በሚገባ ለማየት ግን ወደ ጎን የሚያየው የ70 ዲግሪው ያስፈልጋል። አንዱን አውጥቶ ሌላውን ማስገባት የ2 ደቂቃ ሥራ ነው። ሰው ሲደክም፣ ተራ የሚጠብቀው ሲበዛ የሚዘለለው ታዲያ ይኸው የ2 ደቂቃ ሥራ ነው። ባለ 70ው አንድ ብቻ ሆኖ እርሱም ተጭሮ ሲጨፈግግ የባሰ ይዘለላል። ዶክተሩ «ሳይታይ የቀረ» ያሉት ዕጢ ሁሉ ብርሃን አንሶት የቀረ አይደለም፤ ዓይን ሳይዞርበት የቀረም አለ። ዓይን ዞሮ ያየውን ደግሞ መዝግቦ ማስቀረት ይገባል። የፊኛን ቅርጽ በወረቀት ስሎ ዕጢው የት እንደነበረ፣ ስንት እንደነበረ፣ ምን ያህል እንደነበረ ምልክት ማድረግ አንድ እስክሪብቶ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ካርታው ከሌለ ከ3 ወር በኋላ የሚያየው ሐኪም የተመለሰውን ከአዲሱ አይለየውም።

«በግማሽ ይቀንሳል» ወደሚለው ልለፍ። አኃዙን ከየት እንዳመጡት አልጻፉም። በዚያው በ2010 በወጣው ጥናት በ9 ወር ውስጥ ካንሰሩ የተመለሰባቸው በነጭ ብርሃን ከተሠሩት 56 በመቶው፣ በሰማያዊው ከተሠሩት 47 በመቶው ነበሩ። ደህና ልዩነት ነው፤ ግማሽ ግን አይደለም። በ2022 ከብሪታንያ የወጣው ውጤት ደግሞ ነገሩን ጭራሽ ያቀዘቅዘዋል። በ22 ሆስፒታሎች 538 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ነበር። እስከ 3 ዓመት ካንሰሩ ሳይመለስባቸው የቆዩት በሰማያዊው ወገን 57.8 በመቶ፣ በነጩ ወገን 61.6 በመቶ ሆኑ። በስታቲስቲክስ ሚዛን ላይ የሚነሣ ልዩነት አልታየም፤ ከወጪውም አንጻር አያዋጣም ተባለ። ይህ አንድ ጥናት ነው፤ ሌሎቹን አንድ ላይ የመዘኑ ሰዎች ሰማያዊው መመለሱን ሊቀንስ ይችላል ይላሉ፣ ማስረጃው ጠንካራ እንዳልሆነ እየጠቆሙ። እኔም ከንቱ ነው አልልም። ዶክተሩ ግን የሙያው ሰው ሆነው የ2022ቱን ጥናት በአንዲት መስመር እንኳ ሳያነሡት ማለፋቸውን በየዋህነት ማለፍ አልቻልኩም።

ካንሰሩ የሚመለሰው «ስላልታየ ነው» ማለታቸውም ከመንገዶቹ አንዱን ብቻ መጥቀስ ነው። ዕጢው ሲላጥ የተበጠሱ ሕዋሳት በውሃው ውስጥ ይንሳፈፋሉ፤ አንዳንዶቹ በቆሰለው ግድግዳ ላይ አርፈው፣ እርጥብ ማሳ ላይ እንደ ወደቀ ዘር፣ ይበቅላሉ። ሌላው መንገድ ፊኛው ራሱ ነው። 30 ዓመት ሲጋራ ያጨሰ ሰው የጭሱ መርዝ በኩላሊቱ እየተጣራ በፊኛው ውስጥ ሲጠራቀም ኖሯል። ዛሬ አንዱን ጥግ ብናጸዳ በዓመቱ ሌላው ጥግ ያበቅላል፤ ያኛው ዛሬ የለም፣ በየትኛውም ቀለም ብርሃን አይታይም። ትምባሆ ከፊኛ ካንሰር መንስኤዎች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ከሕሙማኑ ግማሽ ያህሉን ከእርሱ ጋር ያያይዙታል። በዚያ ረጅም ጽሑፍ ውስጥ ስለ ሲጋራ አንድ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ለተንሳፋፊው ዘር መላ አለው። ቀዶ ጥገናው ባለቀ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ፊኛው አለመበሳቱ ከተረጋገጠ፣ ማይቶማይሲን ወይም ጀምሲታቢን የተባለ የካንሰር መድኃኒት በካቴተር መጨመር ነው። በ2018 በወጣ የአሜሪካ ጥናት ዝቅተኛ ደረጃ የሚመስል ዕጢ ከነበራቸው ሕሙማን ጀምሲታቢን ወዲያው ከተጨመረላቸው 35 በመቶው፣ ጨዋማ ውሃ ብቻ ከተጨመረላቸው ደግሞ 47 በመቶው በ4 ዓመት ውስጥ ካንሰሩ ተመልሶባቸዋል። ልዩነቱ ሰማያዊው ብርሃን በደጉ ጥናቱ ካሳየው ያንሳል? አያንስም። ጀምሲታቢን ደግሞ ለሌሎች ካንሰሮችም የሚሰጥ የታወቀ መድኃኒት ነው፤ ልዩ ካሜራ አይጠይቅም።

ሁለተኛው መላ ተመልሶ ማየት ነው። ዕጢው ከሽፋኑ ሥር ወዳለው ንብርብር የገባ ሲሆን፣ ወይም የመጀመሪያው ሥራ ሙሉ ካልነበረ፣ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና ገብቶ ያንኑ ቦታ መላጥ የተለመደ ሕግ ነው። እንዲህ ካሉት ሕሙማን በግማሽ ያህሉ ላይ በሁለተኛው ጊዜ የቀረ ዕጢ ይገኛል። ለዚህ የሚፈለገው ተራና አልጋ ነው። ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ የእኔ ነገር አለ፦ የዕጢውን አናት በአንድ ዕቃ፣ ሥሩን በሌላ ዕቃ ለይቼ እልካለሁ። ሁሉም በአንድ ዕቃ ተደባልቆ ከሄደ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው የፓቶሎጂ ባለሙያ ጡንቻው መነካቱን መለየት ይቸግረዋል፤ «በናሙናው ውስጥ ጡንቻ አልተገኘም» የሚል መልስ ሲመጣ ደግሞ ሕመምተኛው እንደገና ሰመመን ይሰጠዋል።

«አምፖል መቀየር ነው» ላሉት መልሱ አጭር ነው፤ አይደለም። ብርሃኑን የሚያመነጨው ሳጥን ልዩ ነው፤ ካሜራውም ሰማያዊውን አስቀርቶ ቀዩን የሚያሳልፍ ማጣሪያ ያስፈልገዋል። እነዚህስ አንድ ጊዜ ይገዛሉ እንበል። መድኃኒቱ ግን ለእያንዳንዱ ሰው፣ በእያንዳንዱ ጊዜ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ከዚያ በላይ ሰማያዊው ብርሃን የሚያቀላው ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ የቆሰለ፣ የተቆጣ፣ በቅርቡ ቢሲጂ የተጨመረበት ፊኛም ይቀላል። (ቢሲጂ ያው በሕፃንነታችን ክንዳችን ላይ የተወጋነው ክትባት ነው፤ ከ1976 ጀምሮ የፊኛ ካንሰርን ለማከም እንደሚረዳ ይታወቃል።) ቀይ ያየ ሐኪም ናሙና ይወስዳል፤ ናሙናው ሁሉ ፓቶሎጂ ደጃፍ ላይ ይሰለፋል። በአንድ ወር ይጀመራል ለሚለው፣ አንድ ሌንስ ተጠግኖ እስኪመለስልን ከአንድ ወር በላይ የጠበቅንበት ጊዜ አለ ብል ይበቃል።

ጠባብ የብርሃን ሞገድ የሚባለውን ዘዴ «ከእጅ አይሻል ዶማ» ብለው ማጣጣላቸው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ አስገርሞኛል፤ ለእንደኛ ዓይነቱ ቦታ የሚቀርበው እርሱ ነውና። ይህ ዘዴ ከብርሃኑ ሁሉ በ415 እና በ540 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለውን ብቻ መርጦ ይልካል። የደም ቀለም እነዚህን ሞገዶች አጥብቆ ስለሚውጥ ደም ሥር የበዛበት ዕጢ ከዙሪያው ጠቁሮ ጎልቶ ይወጣል። መድኃኒት የለው፣ ካቴተር የለው፣ የ1 ሰዓት ጥበቃ የለው። ባለባቸው መሣሪያዎች ላይ አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ተአምር አይሠራም፤ በ2016 የወጣው ሰፊ ጥናት በጠቅላላው ሕሙማን ላይ ልዩነት አላገኘም፣ የተጠቀሙት ዝቅተኛ ስጋት ያለባቸው ናቸው። እርሱም ደም ባለበት ውሃ ውስጥ አይሠራም። ዶማ ቢሆንም ግን የሚቆፍር ዶማ ነው።

በቢልሃርዚያው ጉዳይ ዝም ብል የጣና ዳር ሰውነቴን እክዳለሁ። ቢልሃርዚያን የሚያመጣው ትል አንድ ዓይነት አይደለም። የፊኛ ካንሰር የሚያመጣው ሺስቶሶማ ሄማቶቢየም የሚባለው ነው፤ ዕንቁላሉን በፊኛ ግድግዳ ላይ ይጥላል፣ ደም ያሸናል፣ ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ካንሰር ያስከትላል። በአገራችን ያለው በቆላው ነው፤ በአዋሽ ሸለቆ፣ በዋቢ ሸበሌ፣ በሱዳን ድንበር በኩርሙክ አካባቢ። የጣናው ሺስቶሶማ ማንሶኒ ነው። የሚኖረው በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ነው፤ ሰገራን ያደማል፣ ሲቆይ ጉበትን ይጎዳል። የሚሸከማቸው ቀንድ አውጣ እንኳ የተለያየ ነው። ለትሉ ስሙን ያወረሰው ቴዎዶር ቢልሃርዝ በ1851 ካይሮ ውስጥ ያገኘው የሽንቱን ነው፤ ዓባያችን በዚያ በኩል ማለፉ ሁለቱን አንድ አያደርጋቸውም።

ይህ ስሕተት በወረቀት ላይ ቢቀር ኖሮ አልፈው ነበር። ግን አስቡት፤ ሲዋኝና መረብ ሲጎትት ያደገ አስጋሪ አንድ ቀን ደም ይሸናል። ጽሑፉን ያነበበለት ሰው «የጣና ቢልሃርዚያ ነው» ይለዋል። የቢልሃርዚያውን መድኃኒት ፕራዚኳንቴልን ውጦ ቤቱ ይቀመጣል። ደሙ እንደ ልማዱ ለጥቂት ሳምንታት ይቆምለታል (የፊኛ ካንሰር ደም መጥቶ የሚሄድ ነው፣ ብዙ ጊዜም ሕመም የለውም) እርሱም ዳንኩ ይላል። ጣና ዳር የኖረ ሰው ደም ከሸና የመጀመሪያው ጥያቄ ቢልሃርዚያ መሆን የለበትም። አልትራሳውንድ ይነሣ፣ ፊኛው በሌንስ ይታይ።

አሁን ወደዚያች የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር። አቅም ያለው ይሂድ፣ አቅም የሌለው ይታገሥ። በበለጸጉት አገሮች የፊኛ ካንሰር ከሚገኝባቸው 4 ሰዎች በ3ቱ ያህል ላይ ካንሰሩ ሲገኝ ገና ጡንቻው ውስጥ አልገባም። በዚህ ደረጃ በሽንት ቧንቧ ተገብቶ ይላጣል፣ ሰውየው በጥቂት ቀን ቤቱ ይገባል። ጡንቻው ውስጥ ከገባ ግን የሚመጣው ነገር ፊኛን ከነጭራሹ ማውጣትና ሽንትን በሌላ መንገድ ማስወጣት ነው፤ አለዚያም ጨረርና ከባድ መድኃኒት። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ድልድይ ጊዜ ነው። ዶክተሩ ለድኻው ያዘዙለት መድኃኒት ይኸው ጊዜ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እያልን ለምናስተምረው ሰው ላም አለኝ በሰማይ አስተማሩት።

ገንዘቡ ቢመጣ ምን ትገዢበታለሽ ቢሉኝ ሰማያዊውን አልጀምርበትም። ሁለተኛ የ70 ዲግሪ ሌንስ፣ በጨዋማ ውሃ የሚሠራውን ባይፖላር የተባለ መቁረጫ መሣሪያ፣ የማያልቅ የውሃ ከረጢት፣ በየሳምንቱ የማይቋረጥ ጀምሲታቢን እገዛለሁ። ከዚያ ክልሉ ውስጥ አንድ ማዕከል ላይ፣ ለእነዚያ ሽንታቸው ካንሰር እያሳየ ፊኛቸው ንጹሕ ለሚመስለው ሕሙማን፣ ሰማያዊው ይምጣ። በዚያ ቀን ከዶክተሩ ጋር ቡና እጠጣለሁ።

የዘጌው አባት በሁለተኛው ሳምንት መጡ። እኔ አሳምኛቸው አይደለም፤ የረጋ ደም ሽንታቸውን ዘግቶት በሌሊት በመኪና ነው የደረሱት። ካቴተር ገባላቸው፣ ፊኛቸው ሌሊቱን ሲታጠብ አደረ፤ ውሃው ከጠራ ከ2 ቀን በኋላ ተሠራላቸው። ሐኪሙ በግራ ግድግዳ ላይ የነበረውን ዕጢ ላጠና ደሙን አቆመ። ሰዓቱ ሄዷል፣ ከውጭ ሌላ ሕመምተኛ ይጠብቃል። ሳይጠይቀኝ ባለ 70ውን አቀበልኩት። ትንሽ አየኝና ተቀበለኝ። ከአንገቱ በላይ፣ በፊተኛው ግድግዳ ላይ፣ የስንዴ ፍሬ የምታክል አንዲት ደንገል ቆማ ነበር።

እርሷንም ላጣት። የፓቶሎጂው መልስ ሲመጣ ጡንቻው በናሙናው ውስጥ አለ፣ አልተነካም ይላል። የ3 ወር ቀጠሮ ወረቀታቸውን ስሰጣቸው በካርታው ላይ ሁለቱን ቦታ ለልጃቸው አሳየኋት። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሣችው።